የጭነት መስመር፦ ሳሙኤል ፕሊምሶል በእንግሊዝ ምክር ቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በማናቸውም የባሕር ወደብ ላይ ቆሞ የጭነት መርከብን ጎን የሚመለከት ሰው፣ በመርከቡ ወገብ ላይ አንድ ክብ ምልክት ያያል። የክቡ የውጭ ስፋት 300 ሚሊሜትር ነው፤ በመካከሉም ርዝመቱ 450፣ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ አግድም መስመር ያልፍበታል። መርከቡ ሲጫን መስመሩ ወደ ውኃው እየቀረበ ይሄዳል፤ ውኃው ከሸፈነው ግን ጭነቱ ከተፈቀደው በላይ ሆኗል ማለት ነው። ይህን ለማንበብ የምሕንድስና ትምህርት አያስፈልግም። የመርከቡ አዛዥ የሚያነበውን ያህል የወደብ ጫኝና አውራጅም ያነበዋል። በብዙ አገር የሚገኙ መርከበኞች ምልክቱን እስከ ዛሬ በአንድ ሰው ስም ይጠሩታል፤ የፕሊምሶል መስመር ይሉታል። ሰውየው ግን መሐንዲስ አልነበረም፤ መርከብ ሠሪም፣ መርከበኛም አልነበረም። የሕዝብ እንደራሴ ነበር።

የዚህ ንግግር ርእሰ ጉዳይ፣ አንድ የተቃዋሚ ወገን እንደራሴ መንግሥትን በምክር ቤት ፊት ሲጠይቅ ምን ለመሥራት እንደሚችልና ኃይሉ የት ላይ እንደሚያበቃ ማሳየት ነው። ጉዳዩ የፖለቲካ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ታሪኩ እስከ ፍጻሜው ሲታይ ግማሹ የእንደራሴው፣ ግማሹም የመሐንዲሱ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንግሊዝ በዓለም ላይ ከፍተኛው የንግድ መርከብ ብዛት የነበራት አገር ነበረች። የባሕር ንግዱ እየሰፋ በሄደ መጠን የሚሰጥመው መርከብም ይበዛ ነበር። በ1866 «ለንደን» የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በቢስኬ ባሕረ ሰላጤ ሰጥማ ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከመጠን በላይ መጫኗ ብዙ አነጋግሮ ነበር። አደጋው የማዕበል ሥራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምክር ቤት የሚቀርብ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ነገር ግን ከማዕበሉ በስተጀርባ ሌላ ምክንያት ነበረ፤ እርሱም መድን ነው። አንድ ባለቤት ያረጀ መርከቡን ከእውነተኛ ዋጋው አስበልጦ መድን ሊያስገባው ይችል ነበር። መርከቡ ደኅና ከደረሰ የኪራዩ ገንዘብ አለ፤ ከሰጠመም የመድኑ ገንዘብ አለ። ሁሉም የመርከብ ባለቤቶች እንዲህ ያደርጉ ነበር ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ጠንቃቆች ነበሩ። ይሁንና ሒሳቡ ራሱ ጠንቃቃውን የሚጎዳ፣ ግዴለሹን የሚጠቅም ነበር። በሁለቱም መንገድ የማይካሰው በመርከቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው።

መርከበኛውስ ለምን እምቢ አላለም? ሕጉ አይፈቅድለትም ነበርና ነው። ውል ከፈረመ በኋላ መርከቧ አያስተማምንም ብሎ አልሳፈርም ያለ ሠራተኛ እንደ ከዳተኛ ተቈጥሮ ይታሰር ነበር። ሰውየው ውሉን ሲፈርም መርከቧን አይቷት ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በወኅኒ ቤትና በባሕር መካከል ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለው የአበው ብሂል ለመርከብ አይሠራም፤ ዝም የተባለለት መርከብ ይነቅዛልና።

ሳሙኤል ፕሊምሶል በ1824 በብሪስቶል ከተማ ተወለደ። ሥራው የከሰል ድንጋይ ንግድ ነበር። በወጣትነቱ ንግዱ ከስሮበት ከድሆች ጋር በርካሽ ማደሪያ ቤት እስከ መኖር ደርሶ ነበር። በኋላ ኑሮው ሲቃና በ1868 ከደርቢ ከተማ የሊበራል ወገን እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። በመርከብ ጎን ላይ የጭነት ገደብ ይሰመር የሚለውን ሐሳብ ያመነጨው እርሱ አይደለም። ከእርሱ ቀደም ብሎ የኒውካስል መርከብ ባለቤት የሆነው ጄምስ ሆል፣ ማለትም ከራሳቸው ከባለቤቶቹ ወገን የሆነ ሰው፣ ሲሟገትለት ቆይቷል። የፕሊምሶል ድርሻ ጉዳዩን ከወደብ አንሥቶ ምክር ቤት ማስገባትና እዚያ ከገባ በኋላም እንዲረሳ አለመፍቀድ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፕሊምሶል ጉዳዩን ማንሣት በጀመረበት ጊዜ ሥልጣን ላይ የነበረው የራሱ የሊበራል ወገን መንግሥት ነበር፤ በ1874 ምርጫ ወግ አጥባቂው ዲዝሬሊ ሲያሸንፍ ደግሞ እርሱ በተቃዋሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩ ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም። የተቃዋሚ ጥያቄ ክብደት የሚለካውም በዚህ ነው፤ የራስን ወገን ሳይጠይቁ ሌላውን ብቻ መጠየቅ የሥልጣን ሽሚያ ከመሆን አያልፍም።

በ1873 ፕሊምሶል ስለ መርከበኞቹ ሁኔታ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ሕዝቡን አነሣሣ፤ በዚያው ዓመት ጉዳዩን የሚመረምር የንግሥቲቱ ኮሚሽን ተቋቋመ። ነገር ግን መጽሐፉ ጉድለት ነበረበት። ጸሐፊው በወሬ የደረሰውን ከተጣራው ጋር አቀላቅሎ ነበርና ስማችን ጠፋ ያሉ የመርከብ ባለቤቶች በፍርድ ቤት ከሰሱት። መንግሥትን የሚጠይቅ ሰው ከሚጠይቀው መንግሥት ይልቅ ጥንቁቅ መሆን ይገባዋል። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ዘጠኙን ትክክለኛ ቁጥሮች ይዞ ይወድቃልና።

ኮሚሽኑ በ1874 የመጨረሻ መግለጫውን ሲያቀርብ በሕግ የሚወሰን የጭነት መስመር አስፈላጊ ነው አላለም። ምክንያቱ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። መንግሥት መስመር አስምሮ እስከዚህ ድረስ ጫን ካለ፣ መርከቡ በሰጠመ ጊዜ ባለቤቱ እንደ ታዘዝሁት ጭኛለሁ ይላል፤ ኃላፊነቱም ከባለቤቱ ትከሻ ወርዶ በመንግሥት ላይ ይወድቃል የሚል ነው። ከዚህም ሌላ የመርከቦች ቅርጽ፣ ርዝመትና ጥንካሬ የተለያየ ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ አይገኝም ተብሎ ተከራክሮበታል። ይህ ሁለተኛው መከራከሪያ የሙያ ጥያቄ ነበር፤ በጩኸት ሊመለስ አይችልም። ፕሊምሶልም መልሱ አልነበረውም። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ያቀረበው ረቂቅ ሕግ በ170 ድጋፍና በ173 ተቃውሞ፣ በሦስት ድምፅ ብቻ ልዩነት ወደቀ።

የሦስቱ ድምፅ ልዩነት ግን መንግሥትን አሳስቦት ነበርና በ1875 የዲዝሬሊ መንግሥት ስለ ንግድ መርከቦች የራሱን ረቂቅ ሕግ አቀረበ። ረቂቁ ደካማ ነው ተብሎ ቢተችም ከምንም ይሻላል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 1875 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተነሥቶ ጊዜ ስለ ጠበበ ረቂቁ ለዚህ ዓመት እንዲቀር መወሰኑን አስታወቀ። በምትኩ ጊዜ የተሰጠው የእርሻ መሬት ተከራዮችን ለሚመለከተው ረቂቅ ሕግ ነበር።

ውሳኔው ለምክር ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ጉዳይ ነበር። ለፕሊምሶል ግን ከፊት ያለው የክረምት ማዕበል ጉዳይ ነበር፤ ሕጉ አንድ ዓመት ቢዘገይ በዚያ ዓመት የሚሞቱ ሰዎች አሉና። ተነሥቶ ተቃውሞውን ሲያሰማ፣ ሰዎችን ወደ ሞት የሚልኩትን ክፉዎች እንደሚያጋልጥ ተናገረ፤ ከምክር ቤቱ አባላት የአንዱ ስለ ነበሩና ስለ ጠፉ መርከቦችም ጥያቄ እንደሚያቀርብ አስታወቀ። አፈ ጉባኤው ሄንሪ ብራንድ ይህ ቃል የምክር ቤቱን አባላት የሚመለከት እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ ፕሊምሶል እንደሚመለከት መለሰ። ቃሉን እንዲያነሣ ቢታዘዝ እምቢ አለ። በሚኒስትሮቹ ፊት ቡጢውን እየነቀነቀ ከአዳራሹ ወጣ። ምክር ቤቱ ስለ ቅጣቱ ለመወሰን የአንድ ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ።

በዚያ ሳምንት የሆነው ነገር፣ የምክር ቤት ድምፅ ከምክር ቤት ውጭ ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳየ ነው። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፤ አቤቱታ ተፈረመ፤ ጋዜጦች ጻፉ። ጊዜ የለም ያለው መንግሥት ጊዜ አገኘ። ፕሊምሶል በቀጠሮው ቀን ተመልሶ ስለ አነጋገሩ ምክር ቤቱን ይቅርታ ጠየቀ፤ ስለ ነገሩ ፍሬ ግን አንዲት ቃል እንኳ አላነሣም። ይህ ልዩነት ሊዘነጋ አይገባም። የምክር ቤቱ ሥርዓት ለተቃዋሚውም ጋሻ ነው፤ ነገ እርሱ በሚናገርበት ጊዜ የሚጠብቀው ይኸው ሥርዓት ነውና። ለሥርዓቱ መታዘዝና ለእውነቱ መጽናት የማይጣጣሙ ነገሮች አለመሆናቸውን ፕሊምሶል በአንድ ሳምንት ውስጥ አሳየ።

በነሐሴ ወር ጊዜያዊ ሕግ ወጣ። በሕጉ መሠረት የመንግሥት መርማሪዎች አደገኛ መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ለማገድ ሥልጣን አገኙ፤ ከመርከበኞቹም ሩቡ አቤት ካሉ መርከቡ እንዲመረመር ተወሰነ። ትናንት ይታሰርበት የነበረው አቤቱታ በሕግ የታወቀ መብት ሆነ። በ1876 ደግሞ ቋሚው ሕግ ጸደቀ፤ በእንግሊዝ የንግድ መርከቦች ላይ የጭነት መስመር እንዲሰመርም ታዘዘ። በየወደቡ ደስታ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። መስመሩ እንዲሰመር አዘዘ እንጂ የት ላይ እንደሚሰመር አልወሰነም፤ ያንን ለባለቤቱ ፈቃድ ተወው። ከባለቤቶቹ አንዱ በሕጉ ለማላገጥ መስመሩን ከጭስ ማውጫው ላይ አስቀባው የሚል ወሬ በመርከበኞች ዘንድ ይነገር ነበር። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ሕጉ ግን አይከለክለውም ነበር። እነሆ፣ ተቃዋሚው አሸንፎ፣ መንግሥት ተሸንፎ፣ ሕዝብ ተደስቶ፣ በመርከቡ ጎን ላይ ያለው ግን ቀለም ብቻ ነበር። ሁኔታው በዚህ መልክ 14 ዓመት ቆየ።

የጐደለው ልክ ነበር። እያንዳንዱ መርከብ የሚንሳፈፈው ከክብደቱ ጋር እኩል የሆነ ውኃ ገፍቶ ነው። ከውኃው በላይ የሚቀረው የመርከቡ ጎን፣ መሐንዲሶች ፍሪቦርድ የሚሉት፣ ለባለቤቱ ያልተከራየ ባዶ ቦታ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን ማዕበል በወለሉ ላይ ሲወጣ ወይም ውኃ ወደ ውስጥ ሲገባ መርከቡን መልሶ የሚያነሣው መጠባበቂያ ኃይል ያለው በዚያ ባዶ በሚመስለው ቦታ ውስጥ ነው። መጠኑ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ በመርከቡ ርዝመት፣ በጥልቀቱ፣ በቅርጹ ሙላትና በወለሉ ላይ ባሉት ቤቶች ይወሰናል። ኮሚሽኑ አንድ ልክ አይገኝም ሲል ትክክል ነበር። ስሕተቱ፣ አንድ ልክ ካልተገኘ ምንም ልክ አይኖርም ብሎ መደምደሙ ነው።

ይህን ያቃናው የሎይድስ መርከብ መዝጋቢ ድርጅት ዋና መርማሪ የነበረው ቤንጃሚን ማርቴል ነው። ማርቴል ለልዩ ልዩ መርከቦች የሚያስፈልገውን የፍሪቦርድ መጠን የሚያሳዩ ሰንጠረዦችን አዘጋጀ፤ ድርጅቱም በ1882 አወጣቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የአስተያየት ሳይሆን የስሌት ሆነ። አንድ ባለቤት ሰንጠረዡ ለእኔ መርከብ አይሆንም ቢል፣ ለምን እንደማይሆን በቁጥር የማስረዳት ግዴታ በራሱ ላይ ወደቀ። በ1884 መንግሥት ያቀረበው ሌላ የንግድ መርከቦች ረቂቅ ሕግ በባለቤቶቹ ተቃውሞ ቢነሣም የሰንጠረዡ ሥራ አልቆመም። በመጨረሻ በ1890 የመስመሩ ቦታ በሕግ እንዲወሰን ምክር ቤቱ ደነገገ። ፕሊምሶል በዚያ ጊዜ እንደራሴ አልነበረም፤ ወንበሩን ከለቀቀ አሥር ዓመት ሆኖት ነበር። በ1898 ሲሞት ግን የተሟገተለት መስመር በትክክለኛ ቦታው ላይ ተሰምሮ አይቷል።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ የሁለቱን ሰዎች ሥራ ማበላለጥ አስፈላጊ አይደለም። ፕሊምሶል ባይጠይቅ የማርቴል ሰንጠረዥ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር። ማርቴል ባይሰላ ደግሞ የፕሊምሶል ሕግ ቀለም ሆኖ ይቀር ነበር። መንግሥትን መጠየቅ በእንደራሴው ቃል ይጀመራል እንጂ በቃል አያልቅም። የሚያልቀው፣ መልሱ ማንም ሰው ሚኒስትር ሳያስፈቅድ በዓይኑ ሊያየው በሚችል ልክ ሲተካ ነው።

መስመሩ ከዚያ ወዲያ ከእንግሊዝ ወሰን ወጣ። በ1906 ወደ እንግሊዝ ወደቦች የሚመጡ የውጭ አገር መርከቦችም ሕጉን እንዲያከብሩ ተደረገ፤ በ1930 የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጭነት መስመር ስምምነት ተፈረመ፤ በ1966 የተፈረመው ሁለተኛው ስምምነት ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ዛሬ ከክቡ አጠገብ አንድ ሳይሆን ብዙ መስመሮች ይታያሉ፤ ለበጋ፣ ለክረምት፣ ለሞቃት ባሕር፣ ለጨው አልባ ውኃ እያንዳንዱ የራሱ መስመር አለው። የወንዝ ውኃ ከባሕር ውኃ ስለሚቀል መርከብ በወንዝ ውስጥ ጠልቆ ይሄዳል፤ መስመሩም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። የክረምቱ መስመር ከበጋው በበጋው ጥልቀት አንድ አርባ ስምንተኛ ዝቅ ይላል፤ በበጋ 9.6 ሜትር ለሚጠልቅ መርከብ ልዩነቱ 20 ሴንቲሜትር ነው። ያ 20 ሴንቲሜትር ለባለቤቱ ብዙ ቶን ጭነት፣ ለመርከበኛው ሕይወት ነው።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ መርከቦች ይህን ምልክት ተሸክመው ባሕር ተሻግረዋል። ለኢትዮጵያ የሚመጣውን ስንዴ ወይም ማዳበሪያ በጅቡቲ ወደብ የሚያራግፍ መርከብም ጭነቱ በቀለለ ቁጥር ከፍ እያለ ያንኑ መስመር ያወጣል። ከባሕሩ ብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቆ የሚኖረው ገበሬ መስመሩን አያየውም፤ ማዳበሪያው በሰላም መድረሱ ግን ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ነው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ሆኖም ሚያዝያ 16 ቀን 2014 በደቡብ ኮሪያ «ሴዎል» የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ተገልብጣ 304 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ለትምህርት ጉብኝት የሚሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ምርመራው እንዳሳየው መርከቧ የጫነችው ዕቃ ከተፈቀደላት እጥፍ በላይ ነበር። ታዲያ መስመሩ ለምን አላጋለጣትም? ሚዛኗን ለመጠበቅ በታችኛው ክፍሏ ውስጥ መኖር የነበረበት ውኃ ተቀንሶ ነበርና ነው። ከላይ የተጨመረው ክብደት ከታች በተቀነሰው ተካክሶ መርከቧ ከመስመሩ በታች አልጠለቀችም፤ ነገር ግን ክብደቷ ወደ ላይ ስለ ወጣ በቀላሉ የምትገለበጥ ሆነች። ከወደቡ ላይ ለሚመለከታት ሰው ደኅና መርከብ ትመስል ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከፕሊምሶል ዘመን የጠለቀ ነው። ልክ የሌለው ጥያቄ ቀለም ሆኖ እንደሚቀር ሁሉ፣ ጠያቂ የሌለው ልክም ቀለም ሆኖ ይቀራል። መስመሩ የተሰመረው ሰው ማሰብ እንዲያቆም አይደለም። ቁጥሩ ተሟልቷል የሚል መግለጫ በቀረበ ቁጥር፣ ቁጥሩ የተሟላው በምን ተከፍሎ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ይህንን ጥያቄ በምክር ቤት ማንሣት የእንደራሴው ፈንታ ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ይሆን ዘንድ የተቀነሰውን ውኃ ማየት የሚችለው ግን የሙያው ባለቤት ነው። እንደራሴው የሚያየው መስመሩን ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለውን የሚነግረው ከሌለ፣ እርሱም ከሌላው ሰው ጋር ሆኖ ደኅና መርከብ ያያል።

ስለዚህ መሐንዲስ ፖለቲከኛ እንዲሆን የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ስሌቱን ሳይሸሽግ መጻፍ፣ የጻፈውንም ሌላው ሊመረምረው በሚችል መልክ ማስቀመጥ፣ ሲጠየቅም የሚያውቀውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መመለስ ነው። ፕሊምሶል በወሬ ተመሥርቶ ለፍርድ ቤት ክስ የተጋለጠው፣ መርከቦቹን ቀርበው የሚያውቁ ብዙ ባለሙያዎች ዝም ባሉበት ዘመን ነበር። እነርሱ በጊዜው ተናግረው ቢሆን ኖሮ ቡጢውን መነቅነቅ ባላስፈለገው ነበር።